ያከፋፈልኩት ነፋስ

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ። ያን ዓመት ሁለታችንም ደመወዝ የበላነው ከአንድ ነፋስ ነው። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እኔ በእግሬ እየሄድኩ። ቅናቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ኋላ ላይ ከመሃል ከምታገኙት አሁኑኑ ብናገረው ይሻላል።

አሶሳ የክልል ዋና ከተማ መሆንን ገና የምትለማመድበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ቢሮ የሚባለው ትናንት የሰው ሳሎን ነው። ግድግዳው ላይ የቀድሞው ባለቤት ፎቶ የሰቀለባቸው ምስማሮች እንዳሉ ናቸው፤ አሁን ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይንጠለጠልባቸዋል። ወንበሩ ከትምህርት ቤት በውሰት ይመጣል። ከተማው የሚበራው በአንድ ጀኔሬተር ነው፤ እሱም ምሽት ላይ ለጥቂት ሰዓት። ናፍጣው ከሩቅ አገር በመኪና ስለሚመጣ ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ ጀኔሬተሩም አብሮ ይተኛል።

እንግዲህ በዚህ ምክንያት ከአዲስ አበባ አንድ መሐንዲስ መጣ። የመጣበት ጥያቄ አጭር ነው፤ እዚህ የሚነፍሰው ነፋስ ከናፍጣው ሸክም ላይ ስንቱን ሊያነሳልን ይችላል? መልሱ ግን ወራት ይፈጃል። ነፋሱ በየቀኑ መለካት አለበት፤ የተለካው ደግሞ መሰላት አለበት። ስለዚህ አንድ የሚለካ፣ አንድ የሚያሰላ ሰው ፈለጉ።

እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቁጥርን ደግሞ ከእሷ ደብተር ላይ ለቃቀምኩት። እሷ ከትምህርት ቤት መጥታ ምሳዋን ስትበላ እኔ ደብተሯን እገልጣለሁ። መምህሯ በቀይ ያረመባትን ሳይ እኔም አብሬ የታረምኩ ይመስለኝ ነበር። ከወሎ መጥተን የሰፈርን ሰሞን፣ ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ትምህርት ቤት እንሄዳለን ሲባል፣ ‹‹እሷ ትሂድ፣ እኔ ከእናቴ ጋር ማሳውን አርማለሁ›› ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው። ሰው በራሱ እጅ በሰጠው ነገር ሲቀና ማንን ይከሳል?

መለኪያው የተተከለው ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሰፈራ መንደራችን አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ጉብታ ላይ ነው። ረጅም የብረት ምሰሶ ሆኖ ጫፉ ላይ ጭልፋ የሚመስሉ ሦስት ነገሮች ይሽከረከራሉ። ከሥሩ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ያለ ቁጥር አለ፤ ነፋሱ ሲሮጥ ይሮጣል፣ ነፋሱ ሲቆም ይቆማል። የእኔ ሥራ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቁጥሩን ማንበብ ነበር። የትናንቱን ከዛሬው ስቀንስ የአንድ ቀን ነፋስ ይወጣል። እዚያው ቆሜ በትንሽ ደብተር በእርሳስ እጽፈዋለሁ፤ ቤት ስመለስ በፎርሙ ላይ በእስክሪብቶ እገለብጠዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎርሙን ቢሮ አደርሳለሁ።

ምሰሶውን የሚጠብቁት እዚያው አጠገብ ማሽላ የሚያርሱ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት አይለዩም፤ እኔንም ‹‹አንተ›› ነው የሚሉኝ። እኔ የእሳቸውን ቋንቋ ከሰላምታ በላይ ስለማላውቅ ለመሳቅ መብት የለኝም።

‹‹ያ ቢንቲ፣ እኔ ብረት ይጠብቃል፣ አንተ ነፋስ ይጠብቃል›› አሉኝ አንድ ቀን። ያ ቢንቲ ልጄ ማለት ነው። ‹‹ብረት ሌባ አለው። ነፋስ ማን ይሰርቃል?››

እኔም ሳቅሁና ማንም አልኳቸው። ሌባዋ እኔ እንደምሆን በምን ላውቅ።

ሥራውን በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነፋሱ ቀጥ አለ። ጭልፋዎቹ እንደተቀጣ ልጅ ቆመዋል። የዛሬው ቁጥር ያው የትናንቱ ነው፤ ስቀንሰው ዜሮ። በማግስቱም ዜሮ። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። በደብተሬ ላይ እንዳየሁት አስቀመጥኩት። ፎርሙ ላይ ልገለብጠው ስል ግን እጄ ቆመ። አራት ዜሮ ተደርድሮ ያየ ሰው ምን ይላል? ‹‹ይቺ ልጅ ቤቷ ተኝታ ነው የከረመችው›› ነው የሚለው። ፎርሙን የሚቀበለው ደግሞ ማን ነው? እህቴ። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያሄደች፣ ዜሮዎቹ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ስታየኝ ታየኝ። ከሁሉም ያን አልፈለግሁትም።

ያደረግሁትን ለመረዳት የሰፈራ ጣቢያ ሕይወትን ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ በሰፈርን ጊዜ የምንበላው ራሽን ነበር። የእህል መኪና አንዳንድ ሳምንት ሞልቶ ይመጣል፣ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አይመጣም። እና የቡድናችን ሴቶች ዘዴ ነበራቸው። በጥጋቡ ሳምንት ከሁሉም ቤት ላይ ጥቂት ጥቂት ተነሥቶ ይቀመጥና በባዶው ሳምንት ይከፋፈላል። ጣሳዋን ይዤ የምሰፍረው እኔ ነበርኩ፤ ‹‹እጇ አያዳላም›› ተብዬ። የጣሳዋን አፍ በመዳፌ አስተካክዬ ለሁሉም እኩል አደርስ ነበር። በመንደሩ አንድም ቤት ጾሙን ያላደረው በዚያ ዘዴ ነው። በሕይወቴ ሰው ፊት የተመሰገንኩበት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ነፋሱንም እንደዚያው አደረግሁት። ብዙ ከነፈሰበት ቀን ላይ ትንሽ ትንሽ አነሣሁና ዜሮ ለሆኑት ቀኖች አደረስኳቸው። ቆጣሪው ድምሩን ራሱ ስለሚይዝ ወሩ ሲያልቅ አንድ ፍሬ አልጎደለም፣ አንድ ፍሬ አልተረፈም። ታዲያ ምኑ ነው ውሸቱ? አምላኬ ፊት እንኳ ብቆም በኩራት የምናገረው ነበር። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አደረግሁት። ፎርሜ እያማረ ሄደ፤ ቁጥሮቹ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቁመታቸው ተመጣጠነ። እህቴ አንድ ቅዳሜ አየችውና ‹‹እትዬ፣ ጽሕፈትሽ እኮ ከእኛ ቢሮ ሰው ይበልጣል›› አለችኝ። የእኛ ቢሮ! ከዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምስጋናው ጠፍቶብኝ ቤት የደረስኩት ‹‹የእኛን›› ብቻ ይዤ ነው።

እሷ በዚያ ሰሞን ሌላ ሰው እየሆነች ነበር። ነጭ ሸሚዝ ገዛች፤ አንገትጌውን በየምሽቱ ለብቻው ታጥባለች። መሐንዲሱ ካልኩሌተሩን ለእሷ ትቶ ይወጣል። ሰው ሲመጣበት ‹‹እሱን ምክትሌን ጠይቋት›› ይላል፣ እሷን ማለቱ ነው። ለእኔ ‹‹እዚያ አስቀምጪው›› ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቀና ብሎ ስላላየኝ ነው። እናታችን ደግሞ ውኃ ቀጂዎቹ ጋ ቆማ ‹‹ልጄ ነፋስ ታሰላለች›› ትላለች። ‹‹ትልቋስ?›› ሲሏት ‹‹እሷማ ትሄዳለች፣ ትመጣለች›› ትላለች። እኔ ካልሄድኩ ታናሺቱ ምን ታሰላለች? እንስራዬን ተሸክሜ ተመለስኩ።

ቢሮ ውስጥ የሚሠሩትን የሰማሁት ከእሷው ነው፤ በኋላም በዓይኔ አየሁት። የወረቀት ከተማ ይጫወቱ ነበር። ጨዋታ ስል ቀልድ አይደለም። አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ አለ። ከፎርሜ ላይ እያንዳንዱን ቀን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉና ጣሳው ውስጥ ጨመሩት። ከዚያ እንደ እቁብ ዕጣ ያወጣሉ። የወጣው ወረቀት ‹‹ዛሬ የነፈሰው ይህ ነው›› ይላል። እህቴ በመዝገቡ ላይ ታሰላለች፤ በዚህ ነፋስ ሊተከል የታሰበው የነፋስ መኪና ይህን ያህል መብራት ይሰጣል፣ ከተማው ይህን ያህል ይፈልጋል፣ የጎደለውን ጀኔሬተሩ ይሞላል። ቀጥሎ ሌላ ዕጣ፣ ሌላ ቀን። እንዲህ እያሉ ገና ያልኖርንበትን ዓመት በወረቀት ላይ ይኖሩታል።

አንድ ቅዳሜ ስደርስ እህቴ መርፌና ክር ይዛ ወረቀቶቹን እየሰፋች አገኘኋት። መሐንዲሱ ስህተቱን አውቆት ነው። ነፋስ እንደ እቁብ አይደለም አለ፤ የዛሬው የነገውን ይዞ ይመጣል፣ ጸጥታም ከመጣ ቀናት አብረው ጸጥ ይላሉ። ስለዚህ ነጠላ ቀን ሳይሆን ሳምንቱን እንዳለ ሰፍተው ማውጣት ነበረባቸው። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ነጥቡ እኩል። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በሰባት ዓመቷ ጣቷን ይዤ፣ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ እያልኩ። እዚያ ቆሜ በራሴ ስፌት ቀናሁ።

ያን ቀን ነው መሐንዲሱ መዝገቡን እያገላበጠ የሳቀው። ‹‹ይህን የመሰለ ነፋስ የትም አላየሁም›› አለ። ‹‹እንደ መንግሥት ሠራተኛ በየቀኑ ይገባል፣ ይወጣል፤ አይቀር፣ አያረፍድ።›› እህቴም ሳቀች። ውጤቱ ዓርብ ለክልሉ ኃላፊዎች እንደሚቀርብ፣ የምታቀርበውም እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። ከተወደደላት አዲስ አበባ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ትሄዳለች። ያለው ቦታ አንድ ነው። እዚያ ኮምፒውተር አለ፤ እሷ በሳምንት የምትጨርሰውን ዓመት ያ መሣሪያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሺህ ዓመት አድርጎ ይጫወተዋል ተብላለች። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ያበራ ነበር። እኔ ‹‹ይቅናሽ›› አልኳት። አፌ ነው ያለው።

ማክሰኞ ለስብሰባው የቀረውን ፎርም ላደርስ ሄድኩ። እህቴ ወረቀት ለማባዛት ወጥታ መሐንዲሱ ብቻውን ነበር። ለምን እንደጠየቅሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት እኔም አንድ ነገር እንደሚገባኝ እንዲያውቅልኝ ይሆናል። ሁለት ቀን እኩል በሚነፍስና አንዱን ቀን በእጥፍ ነፍሶ በሌላው ጭራሽ በሚተው ነፋስ መካከል፣ ድምሩ አንድ ከሆነ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው አልኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ወንበርም ሳበልኝ።

‹‹ጥሩ ጥያቄ ነው›› አለ። ነፋስ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ በእጥፍ ሳይሆን በስምንት እጥፍ እንደሚጨምር አስረዳኝ። እኩል በነፈሱት ሁለት ቀኖች መብራቱ በሁለቱም ቀን ትንሽ ትንሽ ይኖራል። በሌላው ግን አንዱን ቀን ከምንፈልገው በላይ ይሆንና በማግስቱ ጨለማ ነው፤ ጀኔሬተሩ ብቻውን መሸከም አለበት። ‹‹ከሚበዛው ቀን ላይ አንሥቶ ለባዶው ቀን ማስቀመጥ አይቻልም?›› አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

‹‹ነፋስ ጎተራ የለውም፣ እህቴ። ቢኖረው እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?››

ቀጠለ፤ የዚህ አገር ነፋስ ግን ደግነቱ እኩል መሆኑ ነው፣ የወረቀት ከተማችን አንድም ቀን አልጨለመችም፣ ስለዚህ ቢሮው ሊገዛ ያሰበውን ሁለተኛ ጀኔሬተር እንዲተወው እንመክራለን አለኝ። የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣም ከዚሁ መብራት ላይ እንደሚቀጠል ጨመረልኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

አሁን የማወራችሁን ሳላሳምር ልናገር። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ሦስት ቀን ነው። እህቴና እኔ በአንድ ጎጆ እንኖራለን። ጠዋት ፊታችንን የምንታጠበው ከአንድ ጣሳ ነው። ረቡዕ ሸሚዟን ስትተኩስ ከሰሉን ያቀጣጠልኩላት እኔ ነኝ። ሐሙስ ንግግሯን እኔ ፊት ቆማ አጠናችው፤ እኔን እንደ ኃላፊዎቹ አስቀምጣ። ‹‹እትዬ፣ እዚህ ጋ ልፍጠን ወይስ ላዝግም?›› ትለኛለች። ‹‹አዝግሚ›› እላታለሁ። እውነተኛው ቁጥር በትንሿ ደብተሬ አለ፤ አንዲት ቃል ብነግራት ሮጣ ለመሐንዲሱ ትነግረው ነበር፣ ስብሰባውም ይተላለፍ ነበር፣ እሷም ስህተቱን ያገኘች ትባል ነበር። ይህ ሁሉ ገብቶኛል። አፌን የያዘው ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በቀለለኝ። የፈለግሁት ሌላ ነበር። እሷ በነጭ ሸሚዝ በቆመችበት፣ ሰው ሁሉ በሚያያት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የማውቀው እኔ፣ የማታውቀው እሷ እንድትሆን ፈለግሁ።

ዓርብ እኔም ‹‹ነፋሱን ያነበበችው›› ተብዬ ተጠራሁና ከኋላ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ኃላፊዎቹ የተማሪ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። እህቴ ጥሩ ተናገረች። ጣሳውን አሳየች፣ የተሰፉትን ሳምንታት አሳየች፣ ሰውም እንደ ተረት አዳመጣት። መጨረሻ ላይ፣ ‹‹በተጫወትናቸው ዓመታት ውስጥ ከተማዋ በናፍጣ ብቻ የቆመችበት አንድም ቀን የለም›› አለች። ጭብጨባ ተጀመረ።

ተነሣሁ። ‹‹ቁጥሩ ልክ አይደለም›› አልኩ።

መሐንዲሱ ዞረ። ‹‹የትኛው ቁጥር?››

‹‹ሁሉም። ድምሩ ልክ ነው፤ ቀኖቹ ግን ልክ አይደሉም። ጭራሽ ያልነፈሰባቸው ቀኖች አሉ። ከነፈሰው ቀን ላይ እያነሣሁ ለእነሱ ያካፈልኩላቸው እኔ ነኝ። እውነተኛው ይኸው›› ብዬ ትንሿን ደብተር አወጣሁ።

ከኩርሙክ የመጡ አንድ ኃላፊ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት። ‹‹ነፋሱን አከፋፈልሽው?›› አሉ። ‹‹ታዲያ ለኩርሙክ ስንት አደረስሽልን?››

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መሐንዲሱ እንኳ ሳቀ። ያልሳቀችው እህቴ ብቻ ናት። ያን ፊቷን ለማየት ሦስት ቀን ጠብቄያለሁ፤ ሲመጣ ግን ላየው አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እኔን አላየችም። የምታየው እጇ ላይ ያለውን ወረቀት ነበር፤ ከላይ ጀምራ መስመር በመስመር፣ ስህተቱን የቱ ጋ ልትይዘው ትችል እንደነበር የምትፈልግ ይመስል።

ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መሐንዲሱ የተደረደሩትን ዜሮዎች አየና ጥፋቱ የራሱም እንደሆነ፣ እንዲህ ልሙጥ የሆነ ነፋስ ሲያይ መጠራጠር እንደነበረበት ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሰው ፊት ቆሞ ራስን ማጋለጥ ቀላል አይደለም፣ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነው የሚያስፈልገን አለ። ለእኔም ተጨበጨበልኝ። በጭብጨባው ውስጥ እንደ ሐቀኛ ሰው አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

ወደ ቤት የተመለስነው አብረን ነው፤ መንገዱ አንድ ስለሆነ። አቧራው ሸሚዟን እንዳይነካ ዳር ዳር ትሄዳለች። ገበያውን አለፍን።

‹‹ስህተት መሆኑን ያወቅሽው መቼ ነው?›› አለችኝ።

‹‹ማክሰኞ።››

ጥቂት ሄደች። ‹‹ሐሙስ ቁጭ ብለሽ ሰምተሽኛል›› አለች።

ይቅርታ ማለት ይቻል ነበር፤ ግን እህቴ ሞኝ አይደለችም፣ ይቅርታው ለየትኛው እንደሆነ ትጠይቀኝ ነበር።

የአዲስ አበባው ሥልጠና የሌላ ቢሮ ሠራተኛ ለሆነ ሰው ተሰጠ። እኔ በዚያው ወር ቋሚ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ‹‹በታማኝነቷ›› የሚል ቃል አለበት። እናታችን ደስ ብሏት ደብዳቤውን ለጎረቤት አሳየች። እህቴም እዚያው ቆማ ለጎረቤቷ አነበበችላት፣ ያንንም ቃል ሳትዘል።

ከዓርቡ ስብሰባ በኋላ እህቴ ያደረገችው ይህ ነው። ሰኞ ጠዋት ትንሿን ደብተር ከእጄ ተቀበለችኝ። አሮጌዎቹን ወረቀቶች ሁሉ አወጣችና ቀኖቹን እንዳሉ፣ ዜሮዎቹንም ጭምር፣ በአዲስ ጻፈች። ሳምንቶቹን እንደገና ሰፋች። የወረቀት ከተማውን ብቻዋን ከመጀመሪያው ተጫወተችው፤ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በአዲሱ መዝገብ ከተማዋ ደጋግማ በናፍጣ ብቻ የምትቆምባቸው ቀኖች ወጡ፤ ሁለተኛው ጀኔሬተር እንዲገዛ የሚለው ምክርም በእሷ እጅ ተጻፈ። መዝገቡን ለመሐንዲሱ አስረክባ ሥራውን ለቀቀች። በኅዳር መጀመሪያ በጭነት መኪና ተሳፍራ መንጌ ሄደች፤ እዚያ የሒሳብ መምህርት ሆነች። ለእናታችን በየወሩ ትጽፋለች። የማነበው እኔ ነኝ። ጎረቤቱን፣ አክስታችንን፣ የምንቀዳበትን ጉድጓድ ጠባቂ ሳይቀር በየተራ ሰላም ትላለች። እኔን ሰላም ያለችኝ በሦስተኛው ዓመት ነው።